ስለ አሥራ ሁለቱ ንጹሕ ቀበቶዎች የቀረበ ምስጋና

የካቲት 13 ቀን 2015 ዓ.ም.። አሥራ ሁለት ወንበር ባለው ሚኒባስ ውስጥ ሃያ ሰባት ተማሪዎች ተንበርክከው ነበር።

ለተከበሩ አቶ ይሄነው
የተማሪዎች ሰርቪስ ደኅንነት ኮሚቴ ሰብሳቢ
መካነ ሰላም

ጉዳዩ፦ ምስጋና ስለማቅረብ

የተከበሩ ሰብሳቢ፣

ይህ ደብዳቤ ሲደርስዎ እርስዎም፣ ባለቤትዎም፣ ልጆችዎም ሙሉ ጤና ላይ እንደምትገኙ፣ በተለይም መንጋጋዎ አንዳች ሳይነካው ምግብዎን በሚገባ እያኘኩ እንደሚያነቡት ተስፋ አደርጋለሁ። እኛ ቤት ማኘክ ከቆመ ወር ሊሞላው ጥቂት ቀን ቀርቶታል።

ደብዳቤውን ለቢሮዎ ብቻ ከማስገባት ይልቅ ሁሉም እንዲያነበው የለጠፍሁት በድፍረት አይደለም። ከዚህ በፊት ያስገባኋቸውን ሁለት ማመልከቻዎች መዝገብ ቤትዎ በከፍተኛ ጥንቃቄ አስቀምጦ እስከ ዛሬ ስላላስወጣቸው፣ ሦስተኛውን ደርቤ ላጣብበው ስላልፈለግሁ ነው።

ምናልባት ካላስታወሱኝ፣ እኔ ገበያው ዳር ልብስ የምሰፋው ቢሻው ነኝ። የአራተኛ ክፍል ተማሪ የሆነችው የሰብሌ አጎት ነኝ። እናቷ፣ እኅቴ አስቻለች፣ ጅዳ ውስጥ በሰው ቤት ስለምትሠራ ልጅቷን የማሳድጋት እኔ ነኝ። ምስጋናዬ ብዙ ከመሆኑ የተነሣ እንዳይምታታብዎ በተራ ቁጥር ለይቼ አቅርቤዋለሁ።

1. በቅድሚያ ስለ ቀበቶዎቹ አያያዝ ላመሰግን። እንደሚያስታውሱት አምና መስከረም ላይ በጅዳ፣ በሪያድና በቤሩት የሚሠሩ የልጆቻችን እናቶች ተነጋግረው ለሰርቪሱ የወንበር ቀበቶ እንዲገዛ አዋጥተው ላኩ። ሐሳቡን ያነሣችው እኅቴ ናት። አሠሪዎቿ ሦስት ልጆች አሏቸው፤ ማለዳ ማለዳ ሦስቱንም መኪና ውስጥ አስገብታ ቀበቷቸውን የምታስርላቸው እሷ ናት። አንድ ቀን በኢሞ ደውላ፣ «እኔ እዚህ የሰው ልጅ ሳላስር በር አልዘጋም፤ የእኔዋስ ወንበር ቀበቶ አለው?» ብላ ጠየቀችኝ። አይቼ አላውቅም ነበር።

ኮሚቴዎ ወዲያው ደሴ ሰው ልኮ አሥራ ሁለት ቀበቶ አስመጣ፣ አስገጠመ፣ የምረቃ ዝግጅትም አደረገ። እርስዎ ራስዎ የመጀመሪያው ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ ቀበቶውን አስረው ፎቶ ተነሡ። ከዚያ መፍታቱ ስላቃተዎ ሹፌሩ ንጉሡ መጥቶ እስኪፈታልዎ ድረስ ንግግርዎን እዚያው እንደታሰሩ አሰሙ፤ ንግግሩም ጥሩ ነበር። ፎቶውን ለእኅቴ ላክሁላት። የስልኳ መክፈቻ ላይ አደረገችው። እርስዎ ሳያውቁት ጅዳ ውስጥ በአንዲት የቤት ሠራተኛ ስልክ ላይ ዓመት ከመንፈቅ ያህል ታስረው ኖረዋል።

ምረቃው አልፎ፣ ዓመታዊው የተሽከርካሪ ምርመራም እንዳለቀ ቀበቶዎቹ ተፈትተው እርስዎ ቢሮ ቁም ሳጥን ውስጥ ገቡ። ልጆች ያቆሽሿቸዋል ተባለ። በየቤታችን ለእንግዳ ብለን የምናስቀምጠው ብርጭቆ አለ፤ ልጅ አይነካውም፤ እንግዳ ሲመጣ ይወጣል፣ እንግዳው ሲሄድ ታጥቦ ይመለሳል። ኮሚቴዎ ይህን ልማዳችንን ወደ ትራንስፖርቱ ዘርፍ ማሸጋገሩ የሚደነቅ ነው። እንግዳው በዓመት አንድ ጊዜ የሚመጣው መርማሪ ነው፤ ለእሱ ቀበቶዎቹ ይገጠማሉ፣ አይቶ ሲሄድ ይፈታሉ። እንዲያውም አምና ሦስቱ ደጎሎ ድረስ በውሰት ሄደው የሌላ ሰው ሚኒባስ አስመርምረው በሰላም ተመልሰዋል። ከልጆቻችን የበለጠ አገር አይተዋል።

እዚህ ላይ የራሴንም ድርሻ ብደብቅ ምስጋናዬ ሙሉ አይሆንም። ቀበቶዎቹ አቧራ እንዳይነካቸው የተቀመጡበትን ከረጢት የሰፋሁት እኔ ነኝ። ድርብ ስፌት ነው፤ አይተረተርም። ያን ጊዜ በወላጆች ፊት «ተባባሪ ወላጅ» ብለው ስላመሰገኑኝ ደስ ብሎኝ ነበር። ምስጋናዎን በዚህ ደብዳቤ አያይዤ መልሼልዎታለሁ፤ ተቆጥሮ ገቢ ይሁንልኝ።

2. በሁለተኛ ደረጃ በወላጆች ስብሰባ ላይ ስላሳዩን የሒሳብ ችሎታ አመሰግናለሁ። አንዲት ወላጅ ቀበቶዎቹ ለምን እንደተፈቱ በጠየቁ ጊዜ፣ «ቀበቶ የሚያስቀምጠው አሥራ ሁለት ልጅ ነው፤ የቀሩትን አሥራ አምስቱን ማን ያምጣልን?» ብለው መለሱ። አዳራሹ አጨበጨበ። እኔም አጨብጭቤያለሁ፤ ሰብሌ ከአሥራ ሁለቱ ትሁን ከአሥራ አምስቱ አላውቅም ነበርና። ንጉሡ ከኋላ እጁን አውጥቶ፣ በጊዜ ከተነሣሁ ሦስት ጊዜ ተመላልሼ ሁሉንም በየወንበራቸው አመጣቸዋለሁ ቢል፣ በመጀመሪያው ዙር ያልመጡት ልጆች የሰንደቅ ዓላማ መስቀል ሥነ ሥርዓት እንደሚያመልጣቸው፣ ይህም በአገር ፍቅራቸው ላይ ጉዳት እንደሚያደርስ በትዕግሥት አስረዱት። ንጉሡም ተቀመጠ። ከዚያ ወዲህ ልጆቻችን በአንድ ወንበር ሁለት ሁለት ሆነው፣ የተረፉት ደግሞ መተላለፊያው ላይ ቆመው በሰዓቱ ሲደርሱ ቆይተዋል። የካቲት 13 ቀን ግን ሰንደቅ ዓላማው ሃያ ሰባቱም በሌሉበት ተሰቅሏል።

3. በሦስተኛ ደረጃ ለልጆቹ ስለተሰጠው ሥልጠና ምስጋናዬ ይድረስዎ። ከተማው መግቢያ ላይ ትራፊክ ፖሊስ እንደሚቆም የታወቀ ነው። የጫነው ትርፍ እንዳይታይ ሹፌሩ «ዝቅ በሉ!» ሲል ተሳፋሪው ሁሉ ከመስኮት በታች ይሆናል። ይህንን እኛም ትልልቆቹ ከደሴ ስንመጣ ሆዳችንን ጨብጠን የምናደርገው ነገር ነው። እኛ ግን በዘፈቀደ ነበር የምናደርገው። የእርስዎ ኮሚቴ በአንድ ቅዳሜ ልጆቹን ሰብስቦ ሥርዓት አስያዘላቸው፦ ጉልበት መሬት ላይ፣ ግንባር ወደ ፊት ወደ ወንበሩ ብረት፣ ቦርሳ ጀርባ ላይ፣ ድምፅ የለም። ሰብሌ ጎበዝ ስለነበረች የትንንሾቹ አለቃ ተደረገች። ቤት መጥታ ከስፌት ጠረጴዛዬ ሥር እየገባች ታሳየኝ ነበር። ሦስት ስቆጥር ትሰወራለች። ጎበዝ እላት ነበር።

የካቲት 13 ቀን ሰኞ ማለዳ ምን እንደሆነ ኮሚቴዎ ስለ አደጋው ባወጣው ሪፖርት ውስጥ ስላልተገለጸ ላስታውስዎ። ሰርቪሱ ከከላላ መንገድ ላይ ልጆቹን ለቅሞ ወደ ከተማው ሲመለስ፣ ከመታጠፊያው በላይ ሼህ ሙሐሲን ቆመው ነበር። ሼህ ሙሐሲን ሁላችንም የምናከብራቸው አዛውንት ናቸው። ወደ ከተማ የሚወስዳቸው መኪና ፈልገው፣ ነጭ ጥምጣማቸውን እንደጠመጠሙ እጃቸውን ከፍ አደረጉ። ንጉሡ ከሩቅ ያየው ከፍ ያለ እጅና ነጭ ነገር ነው። ትራፊኩ ቦታ ቀይሮ መታጠፊያው ላይ የመጣ መስሎት ዝቅ በሉ አለ። ሃያ ሰባቱ ልጆች እንደ ሠለጠኑት ወረዱ። ዕለቱ ዐቢይ ጾም የገባበት ስለነበረ፣ ከውጭ ያየ ሰው ቢኖር ስግደት ይመስለው ነበር። ንጉሡ ግን በመስታወቱ አንድ ጭንቅላት ስላየ ሙሉ በሙሉ ወደ ኋላ ዞረ። «ያ የማን ጭንቅላት ነው የሚታየኝ?» አለ። መኪናው ከመንገድ ወጥቶ የትንሿን ድልድይ ግንብ መታ።

አሥራ አንድ ልጆች ተጎዱ። ሰብሌ ግንባሯን ወደ ብረቱ አስጠግታ እንደ ትእዛዙ ተንበርክካ ስለነበር መንጋጋዋ ሁለት ቦታ ተሰበረ፤ ሦስት ጥርሶቿ ወለቁ። በኋለኛው መስኮት ልጆቹን አንድ በአንድ ያወጧቸው ሼህ ሙሐሲን ናቸው። ጥምጣማቸውን ፈትተው የሰብሌን መንጋጋ ከአናቷ ጋር ጠቅልለው አሰሩላት። በዚያ መኪና ውስጥ ልጅ ያሰረ ጨርቅ ቢኖር እሱ ብቻ ነው።

ደሴ የተቀበለን ሐኪም ወጣት ልጅ ነው። ምስሉን ብርሃን ላይ አድርጎ ብዙ አየውና፣ ቀበቶ አስራ ወንበር ላይ ቀና ብላ ብትቀመጥ ኖሮ ምን ትሆን ነበር ብዬ ስጠይቀው፣ «እኔና እርስዎ ባልተዋወቅን ነበር» አለኝ። መንጋጋዋን በሽቦ አሰሩት። አሁን የምትመገበው በቀጭን ቱቦ አጥሚት ነው። መናገር ስለማትችል ደብተር ላይ ትጽፋለች። ሐኪም ቤት ስትነቃ መጀመሪያ የጻፈችው፣ «ዝቅ ብዬ ነበር እኮ» የሚል ነው። ያ በመስታወት የታየው ጭንቅላት የእሷ መስሎኝ የምቆጣት መስሏት ነበር። ይህን የምነግርዎ ሥልጠናው ምን ያህል በልጆቹ ውስጥ እንደ ሰረጸ እንዲያውቁት ነው።

4. ስለ አጣሪ ሪፖርትዎም አመሰግናለሁ። ባለ አራት ገጽ ነው፤ ማኅተሙም በአራቱም ገጽ ላይ አርፏል። «የሞተ የለም» ብሎ መጀመሩ አንባቢን ያረጋጋል። ሁለተኛው ገጽ ላይ ተማሪዎቹ «ቀድመው ዝቅ ብለው ስለነበር የከፋ ጉዳት አለመድረሱን» ይገልጻል፤ ለዚህ የኮሚቴው የቅድመ ጥንቃቄ ሥራ መመስገን እንዳለበትም ያሳስባል። እኔም ይኸው እያመሰገንሁ ነው። ቀበቶ የሚለው ቃል ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የለም። ሁለት ጊዜ አንብቤ ፈልጌዋለሁ።

የአደጋው መንሥኤ «በመንገድ ዳር ነጭ የራስ መሸፈኛ አድርገው እጃቸውን ያነሡ ግለሰብ» ናቸው ይላል። የመፍትሔ ሐሳብ ተብሎ የቀረበው ደግሞ በተማሪዎች መግቢያና መውጫ ሰዓት ነጭ የለበሰ እግረኛ ከመንገድ ርቆ እንዲቆም ለኅብረተሰቡ ግንዛቤ ማስጨበጥ ነው። ክቡርነትዎ በመስኮትዎ በኩል ወደ ገበያው አንድ ጊዜ ቢመለከቱ፣ ኮሚቴዎ ከመንገድ የሚያርቀው ሰው ስንት እንደሆነ ያዩት ነበር። ክርስቲያኑ ነጠላውን፣ ሙስሊሙ ጥምጣሙን ቤቱ ትቶ፣ ለቀስተኛም ጥቁር አሰፍቶ መውጣቱ ለእኔ ለልብስ ሰፊው ሥራ ነው፤ ስለዚህ ለዚህም አመሰግናለሁ።

ሼህ ሙሐሲን ሪፖርቱ ተነብቦላቸው ሰብሌን ሊጠይቁ መጡ። በአዲስ ጥምጣም ነበሩ። በሩ ላይ ቆመው «አሏህ ዓፊያ ያድርግሽ፣ ልጄ» አሏት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ «ወንጀሉ የአንተ ነው አሉኝ፤ እጄን ማንሣቴን አልክድም። ግን ቢሻው፣ መኪና ለማስቆም ሌላ ምን ይነሣል?» ብለው ጠየቁኝ። ጥያቄው ለኮሚቴዎ የሚመጥን ስለሆነ ሳልመልስ አስተላልፌልዎታለሁ።

5. በመጨረሻ ስለ ፎርሙ። ባለፈው እሑድ ሦስት ሽማግሌዎች ቤቴ ልከውልኛል። በክብር ተቀብያቸዋለሁ። የሚኒባሱ ጥገና እንዳለቀ፣ ነገር ግን ወላጆች ሁሉ ካልፈረሙ ከፖሊስ ግቢ እንደማይለቀቅ፣ ሃያ ስድስቱ እንደፈረሙና የቀረሁት እኔ ብቻ እንደሆንሁ፣ በእኔ ምክንያት የሰው ልጆች ሁሉ በእግራቸው እየተመላለሱ እንደሆነ ነገሩኝ። ፎርሙን አነበብሁት። ጉዳቱ የደረሰው ከፈጣሪ በመጣ ነገር እንደሆነ አምነን፣ ማንንም ላንጠይቅ፣ ተስማምተናል ይላል። ፈጣሪን በሌለበት ያለ መጥሪያ ጥፋተኛ ያደረገ ሰነድ ሳነብ የመጀመሪያዬ ነው።

ሽማግሌዎቹን ላስብበት ብዬ ሸኘኋቸው። የጠየቅሁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ለእነሱም ነግሬያቸዋለሁ፣ ለእርስዎም በጽሑፍ እደግመዋለሁ፦ አሥራ ሁለቱ ቀበቶዎች ከከረጢቱ ወጥተው በየወንበራቸው ይገጠሙ፤ መኪናው በአንድ ጊዜ አሥራ ሁለት ልጅ ብቻ ይጫን፤ ሦስት ጊዜ ይመላለስ። የዘገየ ልጅ ካለ ሰንደቅ ዓላማው ተሰቅሎ ይጠብቀዋል።

እኅቴ እስካሁን አታውቅም። በደወለች ቁጥር ካሜራው ተበላሽቷል እላታለሁ፤ ሰብሌ ለምን አትናገርም ስትል ደግሞ ጉሮሮዋን ታማለች እላለሁ። አምና ፎቶዎን ልኬ ቀበቶ አለው ያልኋት እኔ ነኝ፤ አሁን ይህን በአፌ ልነግራት አልቻልሁም። ደብዳቤውን ግልጽ ያደረግሁበት ሌላው ምክንያት ይኸው ነው። እዚህ የተለጠፈ ነገር ማታውኑ ጅዳ ይደርሳል። አስቻለች፣ ይህን ካነበብሽ፣ ልጅሽ በሕይወት አለች፤ ደውዪ፣ ካሜራውን እከፍተዋለሁ።

ስለ አምስቱም ጉዳዮች፣ ስለ ጥንቃቄዎ፣ ስለ ሒሳብዎ፣ ስለ ሥልጠናዎ፣ ስለ ማኅተምዎና ስለ ፎርምዎ በድጋሚ እያመሰገንሁ፣ የሰብሳቢነት ዘመንዎ እንደ ቀበቶዎቹ ሳይነካ፣ ሳይቆሽሽ፣ በድርብ ስፌት ተጠብቆ እንዲቆይ፣ ልጆችዎም በሄዱበት ሁሉ ቀና ብለው እንዲቀመጡ ከልብ በመመኘት፣ ዝቅ ብዬ ሳይሆን ቆሜ እጅ እነሣለሁ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር
ቢሻው፣ ልብስ ሰፊ
መጋቢት 8 ቀን 2015 ዓ.ም.

ግልባጭ፦
ለሼህ ሙሐሲን (ነጭ ለብሰው እንዲያነቡት)
ለሹፌር ንጉሡ (ሦስት ጊዜ እመላለሳለሁ ማለቱ በቃለ ጉባኤ ስላልተያዘ፣ እዚህ እንዲያዝለት)
ለአስቻለች፣ ጅዳ

ማስታወሻ፦ ትናንት ኀሙስ ቢሮዎ የመጣሁት ልፈርም ነበር፤ ይህን ሰው ሁሉ ይወቀው። አቅም ያጣችውን ልጅ በየቀኑ ትምህርት ቤት አዝዬ መመላለስ አልችልም፤ ደክሞኛል። በደንብ ተቀበሉኝ። ፎርሙን ዘርግተው እስክርቢቶ ሰጡኝ፤ ጸሐፊዎ ማኅተም ልታመጣ ወጣች። ስሜን መጻፍ ስጀምር ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ «ለሰብሌ ጋቢናውን ሰጥተናታል፤ እዚያ ያለው ቀበቶ ከፋብሪካ የመጣ ነው፣ ይሠራል» አሉኝ። እውነት ለመናገር ደስ አለኝ። መጻፌንም ቀጠልሁ። ከዚያ እንዲያው ለጨዋታ ያህል ከእሷ በፊት እዚያ ላይ ሊቀመጥ የነበረው ማን እንደሆነ ጠየቅሁዎ። የጎረቤቴ የራሕማ ልጅ ፈርሂያ እንደሆነች፣ ስድስት ዓመቷ ስለሆነና ትንሽ ስለሆነች ኋላ ከሌሎቹ ጋር እንደምትገባ ነገሩኝ። ራሕማ ለምን ቀድማ እንደፈረመች ያን ጊዜ ገባኝ። «ቢሻ» ላይ ነበርሁ። እስክርቢቶውን አስቀምጬ ተነሣሁ። ማኅተሙ እየመጣ ነው፣ ወዴት ነው አሉኝ። ራሕማ ቤት ብዬዎ ወጣሁ።